የዘለልኳት አንዲት ቃል፦ «በአይጦች»



የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው ትንሽ ይለያል። ምክር ብቻ አይደለም፤ የራሴን ጥፋትም ልናገር ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ እዚሁ ገጽ ላይ አጭር ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያነቃቃ አዲስ ሕክምና፣ ከጡት ተነስቶ ወደ ሳንባ የተሰራጨ ካንሰርን እንዳጠፋ የሚናገር ዜና ነው። ዜናው ሐሰት አልነበረም፤ ጥናቱን ራሴ አንብቤዋለሁ። ግን ከአዳር ተረኝነት ወጥቼ ደክሞኝ ነበር፤ ጽሑፉም እንዲያጥር ፈለግኩ። እናም አንዲት ቃል ዘለልኩ። «በአይጦች» የምትለዋን።

በማግስቱ ስልኬን ስከፍት ጽሑፉ ሼር በሼር ሆኗል። ኮሜንቱን ሳየው፦ «ዶክተር የት ይገኛል?» «ዋጋው ስንት ነው?» «ውጭ ያለ ወንድሜ ሊልክልን ይችላል?» ለጥቂቶቹ መለስኩ። ሌላውን አልፌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከወራት በኋላ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። አውቃቸዋለሁ። ጡታቸው ላይ ካለው ዕጢ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ቀዶ ሕክምናም እንደሚያስፈልጋቸው ከነገርናቸው በኋላ ጠፍተው ነበር። ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ ያ የጻፉት መድኃኒት ገባ እንዴ?» አለችኝ። እናትየው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀጠሉ፦ «ቢላ ሳይነካሽ የሚያድን መጥቷል ስትለኝ ጊዜ፣ እሱን ስጠብቅ ነው ልጄ።»

ስመረምራቸው ብብታቸው ሥር ንፍፊት አገኘሁ። በራጅ ሳንባቸው ላይ፣ መጀመሪያ ስናያቸው ያልነበረ ነገር ታየ። ቶሎ ቢታከሙ ኖሮ በፍጹም አይሰራጭባቸውም ነበር ብዬ ልምል አልችልም፤ ካንሰር እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም። ግን እነዚያ ወራት ያለፉት እኔ ቃል የዘለልኩበትን ተስፋ ሲጠብቁ ነው። ይህን አውቃለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ አይጧ እናውራ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የላብራቶሪ አይጥ ለካንሰር ሕክምና ትልቅ ባለውለታችን ናት። ነገር ግን የምትሰጠን ጥሩ ጥያቄ ነው እንጂ የመጨረሻ መልስ አይደለም። ጥያቄዋን መልስ አስመስለን የምናቀርብ ሰዎች፣ ሐኪምም እንሁን ጋዜጠኛ ወይም ቲክቶከር፣ ሕመምተኛ እንጎዳለን።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ለምን አይጥ?

ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው መጀመሪያ የበቀለበት ቦታ ላይ ሆኖ አይደለም፤ ተሰራጭቶ ነው። ሴሉ ከዕጢው ይላቀቃል፤ ወደ ደም ሥር ይገባል፤ ከደም ጋር ይዞራል፤ ሳንባ ወይም ጉበት ወይም አጥንት ላይ ይወርዳል፤ እዚያም ጎጆ ይቀልሳል። ይህን ሁሉ ሰው ላይ ቆመን ልናይ አንችልም። ዕጢ እያየን «ቆይ እስኪ ወዴት እንደሚሄድ እንይ» ብለን ሕክምና አንከለክልም። አይጥ ያስፈለገችው ለዚህ ነው።

በ1889 ስቲቨን ፓጄት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዛግብት አገላብጦ አንድ ነገር ታዘበ። ካንሰሩ እንዲያው በዘፈቀደ አይሰራጭም፤ አንዳንድ አካላትን ይመርጣል። ነገሩን ከዘርና ከአፈር ጋር አመሳሰለው። ገበሬ ለሆነ ወገናችን ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዘር የትም ይወድቃል፣ የሚበቅለው ግን የሚስማማው መሬት ላይ ነው። ሐሳቡ ለረጅም ዘመን በቂ ማረጋገጫ ሳያገኝ ቆየ።

ማረጋገጫው በኋላ ከአይጥ መጣ። አይዛያ ፊድለር የተባለው ተመራማሪ በ1970 ምልክት የተደረገባቸውን የካንሰር ሴሎች የአይጥ ደም ሥር ውስጥ ከትቶ ቆጠራቸው። ከ24 ሰዓት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከ1,000 አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። አያችሁ? አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የደም ግፊያው፣ የሰውነት መከላከያውና የማይስማማው «አፈር» ይፈጃቸዋል። እኛን የሚያስቸግሩን የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ሕመምተኞቼ «ደሜ ውስጥ ገብቷል ማለት አበቃልኝ ማለት ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው ከዚህ ተነስቼ ነው። አይደለም፣ ሰውነታችን ቀላል ተዋጊ አይደለም።

አይጧ የሰጠችን

ኢሚዩኖቴራፒ ስለሚባለው ሕክምና ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ካንሰሩን በቀጥታ ከመምታት ይልቅ የራሳችንን የሰውነት መከላከያ አንቅቶ እንዲመታው የሚያደርግ ነው።

ጄምስ አሊሰን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ልጅ ሳለ እናቱን የሞት ነጥቆታል፤ በሽታው የሊምፍ ካንሰር ነበር። አድጎ የሚያጠናው ቲ ሴል የሚባሉትን የሰውነታችን ወታደሮች ሆነ። እነዚህ ወታደሮች ፍሬን አላቸው። ፍሬኑ ባይኖር የገዛ ሰውነታችንን ያጠቁ ነበር። ካንሰር ደግሞ ከዚህ ፍሬን ይጠቀማል። አሊሰን «ፍሬኑን ብንለቀውስ?» ብሎ ጠየቀ። በ1996 ባሳተመው ጥናት ፍሬኑን የሚለቅ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ዕጢያቸው ጠፋ። ያው ካንሰር እንደገና ሲሰጣቸውም አልያዛቸውም።

በዚያን ጊዜ ገጼ ቢኖረኝ ኖሮ «ካንሰር ተሸነፈ!» ብዬ እለጥፍ ነበር ብዬ እፈራለሁ። መድኃኒቱ ግን ኢፒሊሙማብ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ለሰው የተፈቀደው በ2011 ነው። ከአይጧ እስከ ሕመምተኛው 15 ዓመት! የተፈቀደውም ለተሰራጨ የቆዳ ካንሰር፣ ለሜላኖማ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ5ቱ 1 የሚሆኑት ለዓመታት በሕይወት ቆይተዋል። ቀድሞ በወራት ለሚቆጠር ዕድሜ ይህ ትልቅ ድል ነው። አሊሰን ሌላኛውን ፍሬን ካገኘው ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ጋር በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይገባቸዋልም። ነገር ግን ከ5 አንድ ማለትና «አይጦቹ ዳኑ» ማለት አንድ አይደሉም።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርላችሁ። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ የአይጥ ሜላኖማ አለ። ይኼው መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ያንን የአይጥ ሜላኖማ አላጠፋውም። ለሰው ሜላኖማ ግን ጠቀመ። አይጧ የምትሳሳተው «ያድናል» በማለት ብቻ አይደለም፤ «አያድንም» በማለትም ነው።

አይጧ ያሳሳተችን

አንደኛ፣ ተስፋ በማብዛት። የቦስተኑ ሐኪም ጁዳ ፎክማን ዕጢ ለማደግ የደም ሥር ያስፈልገዋል፣ የደም ሥሩን ብንከለክለው ይከስማል የሚል ሐሳብ ነበረው። ኢንዶስታቲንና አንጂዮስታቲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች አይጦች ላይ ይህንኑ አደረጉ። በግንቦት 1998 ኒውዮርክ ታይምስ ዜናውን በፊት ገጹ ይዞት ወጣ። ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው ሆስፒታሎችን በስልክ አጨናነቁ፤ መድኃኒቱን የያዘው ኩባንያ አክሲዮን በአንድ ቀን ተተኮሰ። ፎክማን ራሱ ግን ጠንቃቃ ነበር፤ ልናድን የምንችለው አይጥ ከሆናችሁ ነው የሚል መልእክት ያለው ንግግሩ እስከ ዛሬ ይነሳል። ሰው ላይ ሲሞከር ኢንዶስታቲን የአይጦቹን ተአምር አልደገመውም። ሐሳቡ ግን ከንቱ አልነበረም። በዚያው መንገድ የተሠራው ቤቫሲዙማብ በ2004 ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ የሚጨምረው ዕድሜ ግን በአብዛኛው በወራት የሚለካ ነው።

ሁለተኛ፣ በጊዜ። ለእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። በ1990ዎቹ ማሪማስታትን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ተሠሩ። ካንሰር አጥሩን ጥሶ ለመውጣት የሚጠቀምባቸውን ኢንዛይሞች የሚያስሩ ነበሩ። አይጦች ላይ ስርጭቱን ገቱት። ሰዎች ላይ ግን አንዱ ሙከራ ከሌላው ተከታትሎ ከሸፈ። ኋላ ሲመረመር ከምክንያቶቹ ዋነኛው ጊዜ ሆኖ ተገኘ። አይጦቹ መድኃኒቱን የጀመሩት ካንሰሩ ገና ሳይሰራጭ ነበር፤ ሰዎቹ ግን የተሰጣቸው ተሰራጭቶ ካበቃ በኋላ። አጥር ከተጣሰ በኋላ አጥር ቢታጠር ምን ዋጋ አለው?

ሦስተኛ፣ በሰውነት መከላከያዋ። ይህን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

የሰው ካንሰር አይጥ ላይ እንዲበቅል የአይጧ መከላከያ መዳከም አለበት፤ አለዚያ ባዕድ ነው ብላ ታባርረዋለች። ለዚህ የምታገለግል ፀጉር የሌላት «ራቁት አይጥ» አለች። ቲ ሴሎች የሚሠለጥኑበት ታይመስ የሚባለው አካል ስለሌላት የሰው ዕጢ ይበቅልባታል። ግን ወታደር በሌለበት ሰውነት ወታደር የሚያነቃ መድኃኒት እንዴት ይሞከራል? በሌላ በኩል መከላከያዋ የተሟላ አይጥ አለች፤ እሷ ላይ የሚበቅለው ግን የአይጥ ካንሰር ነው። የሰው የደም ሴሎች የተሰጣቸው አይጦችም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ሙሉ ሰው አይሆኑም። እያንዳንዷ አንዱን ጎን ታሳያለች፤ ሙሉ ሥዕሉን የምታሳይ አይጥ የለችም።

ደግሞ ኑሮዋን አስቡት። የላብራቶሪ አይጥ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ትኖራለች፤ ምግቧ የተመጠነ ነው፤ እህቶቿ ሁሉ እንደ መንትያ አንድ ዓይነት ናቸው። ወባ አታውቅም፣ የሳንባ ነቀርሳ አታውቅም፣ የሆድ ትላትል አታውቅም። በ2016 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት የእነዚህ ንጹሕ አይጦች መከላከያ ከአዋቂ ሰው ይልቅ የአራስ ልጅን እንደሚመስል አሳይቷል። ከእንስሳት መሸጫ የመጡ «ቆሻሻ» አይጦች ጋር አብረው ሲኖሩ ግን የአዋቂ ሰውን መምሰል ጀመረ። የእኛ ሰው ልጅነቱን በትኩሳትና በትላትል ያሳለፈ ነው፤ መከላከያው የተፈተነና የቆሰለ ነው።

ይህ ልዩነት የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። በመጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ ለደም ካንሰርና ለመገጣጠሚያ በሽታ የታሰበ ቲጂኤን1412 የተባለ መድኃኒት ለ6 ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጠ። መጠኑ እንስሳት ላይ ችግር የለውም ከተባለው በ500 እጥፍ ያነሰ ነበር። በሁለት ሰዓት ውስጥ መከላከያቸው በገዛ ሰውነታቸው ላይ ተነሳ፤ ስድስቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም ተረፉ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች ከዱር አይጥ ማሕፀን የተወለዱ፣ የዱር አይጥን ጀርሞች የያዙ አይጦችን አዘጋጅተው የዚህን መድኃኒት አምሳያ ሞከሩባቸው። ንጹሖቹ አይጦች ምንም አይሉም፤ የእነዚህ መከላከያ ግን እንደ ሰዎቹ ተቆጣ።

«ታዲያ አይጧን እንተዋት?»

አይደለም። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ «ጥናት ሁሉ ውሸት ነው» ይላል። እኔ እንዲህ አልልም። አይጧ ባትኖር ፍሬኑን አናውቀውም ነበር። ለሰው ከመሰጠታቸው በፊት የሚጣሉት ብዙ መርዛማ መድኃኒቶች የሚጣሉት በእሷና በሌሎች እንስሳት መስዋዕትነት ነው። ስህተቷም ቢሆን እንዳያችሁት ያስተምራል፤ ተመራማሪዎቹ በተሳሳተች ቁጥር የተሻለች አይጥ እየሠሩ ነው።

ችግሩ ያለው አይጧ ጋ ሳይሆን ዜናውን የምናሻግር እኛ ጋ ነው። ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ የካንሰር መድኃኒቶች መካከል እስከ መጨረሻው ደርሰው የሚፈቀዱት ከ100 አምስት ገደማ ናቸው። ልብ በሉ፣ እነዚህ አይጧን ያለፉት ናቸው። ስለዚህ የአይጥ ዜና ስትሰሙ እንደተተከለ ችግኝ እዩት። ደስ ይላል፤ ግን ነገ ጥላ ሥር አትቀመጡበትም።

ይህ ለፈረንጅ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ጥቁር አዝሙድ ካንሰር ያድናል የሚል ቪዲዮ በየሳምንቱ በውስጥ መስመር ይላክልኛል። ነገሩ ከመሬት አልተነሳም፤ በውስጡ ያለው ታይሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር በላብራቶሪ ሴሎችና በአይጦች ላይ ተጠንቷል፣ ተስፋ ያለው ውጤትም ታይቷል። ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ድፎ ዳቦ ላይ ነስንሳችሁ ብሉት፣ አልከለክልም። ኬሞቴራፒ ትታችሁ ግን አይሆንም። ሕክምና ላይ ሆናችሁ ዘይቱን ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት በብዛት የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ከመድኃኒታችሁ ጋር ሊጋጭ ይችላል። አትፈሩ፣ አንቆጣችሁም። ብንቆጣችሁ ጥፋቱ የእኛ ነው።

«ካንሰርን የሚያጠፋ ተገኘ» የሚል ነገር ሲደርሳችሁ

ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቁ፦

1. ማን ላይ ነው የተሞከረው? ሴል ላይ፣ አይጥ ላይ ወይስ ሰው ላይ? ጽሑፉ ይህን ካልነገራችሁ፣ የጻፈው ሐኪምም ቢሆን፣ እኔም ብሆን፣ ጠይቁ።

2. ሰው ላይ ከሆነ ስንት ሰው ላይ? ከምን ጋር ተወዳድሮ? ሦስት ሰው ተሻለው ማለትና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከተለመደው ሕክምና ጋር ተነጻጽረው ዕድሜያቸው ረዘመ ማለት ይለያያል።

3. ለየትኛው ካንሰር፣ በየትኛው ደረጃ? ካንሰር የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ለሜላኖማ የሠራ ለጡት ላይሠራ ይችላል።

4. ዛሬ እጃችን ላይ ያለውን ሕክምና አስቁሙ ይላል? ይህን የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እዚያው ላይ ዝጉት።

ከአይጧ በነጻ የምንወስደው

ኢሚዩኖቴራፒ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ግን አይጧ ያለ ክፍያ የሰጠችን አንድ ትምህርት አለ። ከማሪማስታት ታሪክ እንዳየነው እሷ ብዙ ጊዜ የምትድነው መድኃኒቱ ከእኛ በላይ ስለሚወዳት አይደለም፤ ሕክምናዋ በጊዜ ስለሚጀመር ነው። ተመራማሪው ካንሰሩ የተሰጣትን ቀን ያውቃል፤ ቀጠሮ አትቀርም፤ «እስኪ ትንሽ ልየው» አትልም። እኛ ጋ የጡት ካንሰር ይዟቸው የሚመጡት አብዛኞቹ እናቶችና እህቶች የሚደርሱን በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በዓለም ላይ ያለው ምርጥ መድኃኒት ነገ ቢገባ እንኳ ይህን መዘግየት አይክስም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ጡታችሁ ወይም ብብታችሁ ላይ እብጠት ካለ፣ ባያምም እንኳ፤ የጡት ቆዳ ከተጨማደደ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ከወጣው፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ታዩ። አለማመሙ አያዘናጋችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ አያምም። ካንሰር መሆኑ ከተነገራችሁ ደግሞ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር መብታችሁ ነው፤ ሳምንታት እንጂ ወራት ግን አይውሰድባችሁ።

እናትየው አሁን ሕክምናቸውን እየተከታተሉ ነው። በቀጠሯቸው ቀን በጠዋት ይመጣሉ፤ ከእኔ በፊት ይደርሳሉ። ጥፋቴን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ታሪካቸውን ስማቸውን ሳልጠቅስ ብጽፈው ቅር ይላቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው «ጻፈው ልጄ። ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይጠብቅ» አሉኝ።

ያንን የድሮ ጽሑፌን አላጠፋሁትም። ወርዳችሁ ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ። አናቱ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬበታለሁ፤ «በአይጦች» ትላለች። ያን ጊዜ ሼር ያደረጋችሁት እባካችሁ ይሄኛውንም ለዚያው ሰው ላኩለት።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ በዚህኛው ሁሉንም እመልሳለሁ።